ወለድና ግልገል

መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥም ይባላል። ይህን የተናገረው ሰው ራሱ መካሪ የነበረ ይመስለኛል። ንጉሥ ቢሆን ኖሮ መካሪ የበዛበት ስንት ዓመት እንደሚነግሥም ጨምሮ ይነግረን ነበር። በእኛ በመንዝ ምክር እንደ ውርጭ ነው፤ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ያገኘውን ቡቃያ ይመታል፣ ረፋዱ ላይ ደግሞ የት እንደገባ አይታወቅም። ልጅ ልትድሩ ብታስቡ መካሪ አለ። በሬ ልትሸጡ ብታስቡ መካሪ አለ። አርፋችሁ ብትቀመጡ እንኳ «ምነው አርፋችሁ ተቀመጣችሁ?» የሚል አይጠፋም። ደግነቱ ምክር በነፃ የሚሰጥ ነገር ስለነበረ ያልፈለገውም ሰው በነፃ ይጥለው ነበር። ጉዱ የመጣው ምክር ላይ ማኅተም ሲያርፍ ነው። ማኅተም ያረፈበትን ነገር እንዴት አድርገው ይጥሉታል?

ባለማኅተሙ መካሪ እኔ ነኝ።

ስሜ ደምሴ ይባላል። ዘመሮ ከተማ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የቁጠባ ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ያን ጊዜ፣ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር ማወቁን በወረቀት እንዲያስመሰክር የሚጠየቅበት ዘመን ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ያቆመ ግንበኛ ግድግዳ ማቆም እንደሚችል ማረጋገጫ አምጣ ይባላል። ግማሹን ቀበሌ ያዋለደች ሴት ሠልጥነሽ ነይ ትባላለች። ከስብሰባ ወደ ስብሰባ «የአቅም ግንባታ» እየተባለ አበል ይከፈላል፤ አቅማችን ተገንብቶ አለማለቁ ለሁላችንም የሚጠቅም ነገር ነበር። በዚህ መሐል አንድ ፕሮጀክት መጣና ለገጠሩ ሕዝብ «የቤተሰብ ገንዘብ ዕቅድ አማካሪ» ያስፈልገዋል አለ። ከየማኅበሩ አንዳንድ ሰው ተመርጦ ደብረ ብርሃን ይሠለጥናል፤ ፈተና ይፈተናል፤ ያለፈ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ወረቀቱን እስካሳደሰ ድረስም በየወሩ ከደመወዙ ላይ ጭማሪ ያገኛል። ከእኛ ማኅበር የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ሌላው ሠራተኛ ዘበኛው ነበር።

አሠልጣኛችን ለደብረ ብርሃን ብርድ የማይሆን ስስ ጫማ ያደረገ፣ ደግ፣ ንግግሩ የጣፈጠ ወጣት ነበር። ወረቀት ላይ ሦስት ክብ ይሥልና አንዱን ገቢ፣ አንዱን ወጪ፣ አንዱን ቁጠባ ይለዋል። እኛ የበልግ ዝናብ የቀረ እንደሆነ የትኛው ክብ ውስጥ እንደሚገባ እንጠይቀዋለን። «እሱ ስጋት ይባላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደርስበታለን» ይለናል። በሚቀጥለው ሳምንት ስንደርስበት ስጋት ማለት አራተኛ ክብ ሆኖ ተገኘ።

መጀመሪያ የተፈተንኩ ጊዜ ወደቅሁ። የጣለኝ ጥያቄ ዛሬም ፊቴ ላይ አለ፦ አንድ ደንበኛ ሀብቱን በሙሉ በእንስሳት ቢይዝ ምን ትመክረዋለህ? እኔም የመንዝ ሰው ነኝና ከልቤ መለስኩ፤ እንስሳቱ በጎች ከሆኑ፣ ከወንዱ ሴቱ ከበዛ፣ ግጦሽም ካለው «እግዜር ይባርክልህ» እለዋለሁ ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ ተሰጠኝ። አሠልጣኙ ብቻዬን ጠርቶ፣ ሳያሳፍረኝ፣ ስህተቴን አስረዳኝ። እንስሳ ይታመማል፣ ይሰረቃል፣ ይሞታል፤ ገንዘብ አይሞትም አለኝ። በሁለተኛው ፈተና ያው ጥያቄ ሲመጣ «ገንዘብ አይሞትም» ብዬ ጻፍኩና በከፍተኛ ውጤት አለፍኩ። እንስሳ እንደሚሞት ሁላችንም እናውቃለን፤ ስናርድ ነው የኖርነው። ገንዘብ እንዴት አድርጎ እንደሚሞት ያየነው ግን በኋላ ነው።

ወረቀቱን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ማቆየት ሌላ። በየዓመቱ ደብረ ብርሃን ወርዶ የተወሰነ ሰዓት ሥልጠና መቀመጥ አለ። በየሦስት ዓመቱ ደግሞ እድሳት አለ፤ ለእድሳቱ የሚያስፈልገው ዋናው ነገር ከዕቅድ እስከ ፍጻሜ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ የተከታተሉት የአንድ ደንበኛ መዝገብ ነው። መዝገብ የሌለው ወረቀቱ ይሰረዛል፤ ወረቀቱ የተሰረዘ ጭማሪው ይቆማል። እኔ ደግሞ በጭማሪው ቤት ተከራይቼበታለሁ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አስገብቼበታለሁ። እንግዲህ ሰው ሁሉ ደንበኛ ሲፈልግ ሱቅ ይከፍታል፤ እኔ ወረቀቴን በመስታወት አስገጥሜ ከወንበሬ በላይ ሰቀልኩና ጠበቅሁ።

የመጡት ጋሽ አስፋውና ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ ናቸው።

የእናቴ አገር ሰዎች ናቸው፤ ከዘመሮ የሁለት ሰዓት መንገድ፣ ከገደሉ አፍ በታች ይኖራሉ። ሴቶች ልጆቻቸው አዲስ አበባ ተድረው ቀርተዋል። ጋሽ አስፋው ጉልበታቸው ከድቷቸው ነበር፤ እሑድ እሑድ ዳገቱን ወጥተው ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ከዶሮ ጩኸት በፊት መነሣት ነበረባቸው። ስለዚህ ከተማው ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ፣ ትንሽ ቤት ሠርተው ቀሪ ዘመናቸውን እዚያ ለማሳለፍ ቆርጠዋል። ቦታውን ከማዘጋጃ ቤት ተመርተዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ ካልተሠራበት ይነጠቃል። በእጃቸው ያለው ሠላሳ ሁለት በግ ነው።

እትዬ ጥሩዬ ሐሳቧን ይዛ ነው የመጣችው። ወንዶቹንና ያረጁትን ሸጦ አሁኑኑ ቆርቆሮና ምስማር መግዛት፤ እንጨቱን ከራሳቸው ባሕር ዛፍ መቁረጥ፤ የሚወልዱትን ሴቶች ማስቀረት። በቃ። እኔ ያለችውን ብቻ ብጽፍ ኖሮ ሥራዬ አልቆ ነበር። ነገር ግን ይህ ዕቅድ የሦስት ወር ነው፤ መዝገቡ የሚፈልገው የሦስት ዓመት ነው። ደግሞም አሠልጣኙ እንዳስተማረን ሰው ቤት ከመሥራቱ በፊት የክፉ ቀን መጠባበቂያ ሊኖረው ይገባል፤ ሀብቱን በእንስሳት አይይዝም፤ መጠባበቂያውን ሳይነካ በተጠራቀመው ይገነባል። ሦስቱን ክብ ሣልኩላቸው። አራተኛውንም ሣልኩላቸው።

እትዬ ጥሩዬ ክቦቹን አየት አድርጋ «በጎቹ ይወልዳሉ፤ ደብተሩ ምን ይወልዳል?» አለችኝ።

«ወለድ ይወልዳል እንጂ እትዬ» አልኳቸው። «ስሙስ ቢሆን ከመውለድ የመጣ አይደል?»

ጋሽ አስፋው ሳቁ። ፊደል የቆጠሩ፣ ቃል የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ አነጋገሬ ደስ አላቸው። እትዬ ጥሩዬ ግን አልሳቀችም። ግልገሉን ሳላይ መንታ ነው አትበለኝ አለች። ባልየው ተነሡና ከበላዬ የተሰቀለውን ወረቀት፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ማኅተሙ ላይ የተጻፈውን ክብ ጽሑፍ ሳይቀር አንገታቸውን እያዞሩ አነበቡት። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞረው «የእኛው ልጅ ነው ይህን ያገኘው። እኛ ካላመንነው ማን ያምነዋል?» አሉ።

ከምክሬ ይልቅ ይህ ነው ነገሩን የቆረጠው። በሦስት ገበያ በጎቹ ተሸጡ። ገንዘቡም ደብተር ገባ። መዝገብ ከፈትኩ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይም «የደንበኛው ግብ» በሚለው ሥር በቆንጆ እጅ ጽሑፍ «የመኖሪያ ቤት» ብዬ ጻፍኩ።

አንደኛው ዓመት ደህና አለፈ። ሚሌኒየሙን ባከበርን ማግስት ግን ገበያው አበደ። ምክንያቱን ራዲዮኑ የዓለም ነው ይላል፤ የቀበሌው ሰው ስግብግቡ ነጋዴ ነው ይላል፤ ነጋዴው ደግሞ ነዳጁ ነው ይላል። ጥፋተኛው ማንም ይሁን፣ ቆርቆሮ ከፋሲካ እስከ ሰኔ ዋጋውን ይለውጣል፤ ለበዓል የወጣ በግ ባለፈው ዓመት ሁለት በግ በሚገዛው ብር አይገኝም። እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የእነ ጋሽ አስፋው ገንዘብ በደብተሩ ላይ እየወፈረ፣ በገበያው ላይ እየከሳ እንደሆነ አይቻለሁ። ወለዱም ወለደ፤ መዋሸት አያስፈልግም። ግን የወለደው መቆም የማይችል ግልገል ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

በሁለተኛው ዓመት፣ ከበልጉ አዝመራ በኋላ፣ ጋሽ አስፋውና እትዬ ጥሩዬ ቢሮዬ መጡ። እሳቸው ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ፤ እሷ በሩ አጠገብ ቆመች። ቆርቆሮ ይጨምራል እያሉ ነው፤ ያለውን አውጥተን የሚሆነውን ያህል እንግዛ ወይ? ብለው ጠየቁኝ። መልሱን እኔ አውቀው ነበር። አዎ፣ ዛሬውኑ አውጡ፣ ዛሬውኑ ግዙ ነው መልሱ። ያን ቀን ቢያወጡት ኖሮ ጣሪያው ይደርስ ነበር፤ መጠባበቂያ አይተርፍም እንጂ ጣሪያው ይደርስ ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ ከወጣ መዝገቡ ላይ «የተቋረጠ» ተብሎ ይጻፋል። የተቋረጠ መዝገብ ለእድሳት አይሆንም። ሌላ ደንበኛ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም ሦስት ዓመት እንደገና ከየት አመጣለሁ?

ዋጋው ይረጋጋል አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር መጥቶ ይሄዳል፤ ትንሽ ይታገሡ አልኳቸው። እትዬ ጥሩዬ ስታየኝ ጊዜ ደግሞ ጨዋታ ያስመሰልኩ መስሎኝ «ዓመቱ ሳይሞላ ካወጣችሁት መዝገቤ ይበላሽብኛል» ብዬ ሳቅሁ።

ጋሽ አስፋው አልሳቁም። ወረቀቱን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ «እሺ፤ ይሁን» ብለው ምርኩዛቸውን አነሡ።

ሦስተኛው ዓመት ሲሞላ ተመልሰው መጡ። ደብተሩን ከፍቼ አሳየኋቸው። የማዘጋጃ ቤቱ ቀነ ገደብ ሊደርስ የቀረው ጥቂት ነው። ከቆርቆሮ ነጋዴው ዘንድ ሦስታችንም አብረን ሄድን፤ ነጋዴው ዋጋውን ነገረን፤ ጋሽ አስፋውን ተከትለን ወደ ቢሮዬ ተመለስን።

«ደብተሩ ላይ ጨምሯል አላልከኝም?» አሉኝ።

«ጨምሯል ጋሽዬ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የጎደለው?»

ስንት ቀን የሠለጠንኩት እኔ ደብተሩን እገልጥ ጀመር። የመለሰችላቸው ሚስታቸው ናት። «ጣሪያው» አለች።

ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ለመንኩላቸው። ግድግዳው ቆሞ ለጊዜው በጓሳ ሣር ይከደን አልኩ፤ አባቶቻችን የኖሩት በእሱ ሥር ነው። ኃላፊው ከተማው ፕላን አለው፣ የሣር ቤት አይፈቀድም አለኝ። ትንሽ ጊዜ ስጧቸው አልኩ። ሦስት ዓመት ተሰጥቷቸው ምን ሠሩበት? አለኝ። ምን እንደሠሩበት አልነገርኩትም። ቦታው ተነጠቀ፤ ለሌላ ሰው ተመራ። ሰውየው ዛሬ ግሮሰሪ ከፍቶበታል።

ጋሽ አስፋው በዚያው ክረምት ታመሙ። ሳል ነው ተባለ፤ ብርድ ነው ተባለ። ጸሎታቸውን ቤታቸው ሆነው ያደርሱ ነበር እንጂ ቤተ ክርስቲያን ከቆሙ ወራት አልፎ ነበር። ጭጋጉ ገደሉን ሞልቶት በዋለ አንድ ቀን ዐረፉ። ያን ዳገት ለመጨረሻ ጊዜ የወጡት በሰው ትከሻ ነው፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ቀላል ሰው ነበሩ። ዳገቱ ግን እሳቸው እንዳሉት ነው፤ ሁለት ጊዜ አሳርፈናቸዋል።

በጥቅምት የእድሳት ቅጽ መጣ። ቅጹ የሚጠይቀው ነገር ትንሽ ነው። ዕቅዱ የታሰበለትን ጊዜ ጨርሷል? ጨርሷል። የደንበኛው ቁጠባ ከመነሻው ጨምሯል? ጨምሯል። ሳይቋረጥ ክትትል ተደርጎለታል? ተደርጎለታል። በእግዚአብሔር ስም፣ አንድም ውሸት የለበትም። ስለ በግ የሚጠይቅ ቦታ የለውም። ቅጹ መጨረሻ ላይ «ሌላ አስተያየት» የምትል አንዲት መሥመር ነበረች፤ እዚያች ላይ ቤቱ እንዳልተሠራና አባወራው እንዳረፉ ጻፍኩ። ገምጋሚው ስልክ ደወለልኝ። ሐዘንህ ይገባኛል፣ ነገር ግን ይህ ከገንዘብ ዕቅድ ጋር ግንኙነት የለውም፤ መዝገብህ ጥሩ ስለሆነ ለምርጥ ተሞክሮ ልንይዘው ነው፤ በንጹሕ ቅጽ ገልብጠህ ላክልን አለኝ። በንጹሕ ቅጽ ገልብጬ ላክሁ። ወረቀቴ ታደሰ።

በዓመቱ በተካሄደው ሥልጠና ላይ፣ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ብርሃን በራና «የወይዘሮ ጥሩዬና የባለቤታቸው ተሞክሮ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አዲሶቹ ሠልጣኞች ይጽፋሉ። የወለዱ ከፍታ በሰማያዊ መሥመር ወደ ላይ ይወጣል፤ እንደዚያ ያለ ለስላሳ ዳገት በመንዝ የለም። አሠልጣኙ ጨርሶ ጥያቄ አለ ወይ ሲል ከኋላ አንዲት ከመርሐቤቴ የመጣች ሠልጣኝ እጇን አወጣች። «ቤቱ ውስጥ ገቡ?» ብላ ጠየቀች።

አሠልጣኙ ባለሙያው ራሳቸው እዚሁ አሉ ብሎ ወደ እኔ አመለከተ።

ተነሣሁ። ለአንዴ እንኳ እውነቱን ልናገር ብዬ ተነሣሁ። ቤቱ አልተሠራም አልኩ። በጎቹ ዛሬ ቢኖሩ ቤቱንም ሠርተው ይተርፉ ነበር አልኩ። ሰውየው ሞተዋል፤ ገንዘባቸውን አስቀድመው እንዳያወጡ የመከርኳቸው እኔ ነኝ አልኩ። ወረቀቴን ይነጥቁኛል፣ ያባርሩኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ፤ እንዲያደርጉት የፈለግሁም ይመስለኛል። አሠልጣኙ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ፣ ግልጽነቴን አመስግኖ፣ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ተግዳሮቶች» ብሎ ጻፈ። በአምስት በአምስት ሆናችሁ ተወያዩ አለን። ከሰዓት በኋላውን በእሱ ላይ ስንወያይ ዋልን። ሲያልቅ ከሥልጠና ሰዓቴ ላይ ሁለት ሰዓት ተጨመረልኝ።

ከደብረ ብርሃን በተመለስኩ በማግስቱ የዘመሮ ገበያ ነበር። እትዬ ጥሩዬን ከቢሮዬ ፊት ለፊት አንዲት ያረገዘች በግ በገመድ ይዛ አገኘኋት። ያን ጊዜ ሁሉም በግ ይሸጥ ስል ሦስት ሴት በጎች ደብቃ፣ ግልገሉን እኩል ሊካፈሉ ለወንድሟ ልጅ ሰጥታቸው ኖሯል። አሁን የምትኖረው እሱ ዘንድ ነው፤ በእነዚያው ትኖራለች። ከየት መጣህ? አለችኝ። ከሥልጠና አልኳት። ስንተኛህ ነው? አለችኝ። አምስተኛዬ አልኳት።

«አምስት ጊዜ ሄደህ ያልገባህን እኔን በአንድ ከሰዓት በኋላ ልታስረዳኝ ነበር?»

ይህን ስትል አልተቆጣችም። ባለመቆጣቷ ነው መሰል አፌ የተፈታው። እዚያው ገበያተኛው እየተጋፋን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ያን ቀን ልታወጡት ስትመጡ ማውጣት እንደነበረባችሁ አውቅ ነበር፤ ለወረቀቴ ብዬ ነው የያዝኳችሁ አልኳት። ገመዱን እጇ ላይ እየጠመጠመች ሰማችኝ።

«አስፋውም ያውቅ ነበር» አለችኝ። «ከቢሮህ እንደወጣን ቆርቆሮውን እንግዛ፣ ልጁ ሲዋሽ ዐይኑን አይተኸዋል አልኩት። ‹ወረቀቱ ይበላሽበታል፤ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነው፤ ዓመቱን እንሙላለት› አለኝ። ያን ዳገት ሳንነጋገር ነው የወረድነው።»

በጓን አስከትላ ወደ ገበያው ገባች። እኔም ቢሮዬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ወረቀቱ ገና ሁለት ዓመት ይሠራል።